ከወንበሩ ኋላ ያለው ብዥታ

አክስቴን ሰፈሩ የሚጠራት «እትዬ አትንቀሳቀሱ» እያለ ነው። ፎቶ አንሺ ናት። ሕፃን ይሁን ሽማግሌ፣ ሙሽራ ይሁን ለመታወቂያ የቸኮለ ሠራተኛ፣ ፊቷ የተቀመጠ ሁሉ ያችን ቃል ሳይሰማ አይነሳም። አንዳንዱ ቀልደኛ መንገድ ላይ ሲያገኛት እጁን እንደሰቀለ ድርቅ ብሎ ይቆማል። እሷም «በቃ፣ ተነስተሃል፤ ነገ መጥተህ ውሰድ» ብላው ታልፋለች። ይህን አስቀድሜ የማወራው ቀጥሎ ያለውን ስትሰሙ ጨዋታ የማታውቅ፣ ጨፍጋጋ ሴት እንዳትመስላችሁ ነው። ጨፍጋጋዋስ እኔ ነኝ፤ ሰፈሩን ጠይቁ።

የእህቷ ልጅ ነኝ። ያደግኩት እሷ ቤት ነው፣ የምሠራውም እዚያው ፎቶ ቤቷ ውስጥ ነው፤ ፊልም አጥባለሁ፣ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ሂሳብ የሚከራከር ሲመጣ ደግሞ እሱን የምመልሰው እኔ ነኝ። ቁመቴ ከበሩ ጉበን ጋር ስለሚተካከል «ስልክ እንጨት» ትለኛለች። ከእኔ ጋር እኩል የነበረ ሰው ባሏ ብቻ ነው።

ፎቶ ቤቱም የባሏ ነበር። እሱ ያነሳል፣ እሷ ጨለማ ክፍል ገብታ ታጥባለች። የካሜራውን ቦርሳ ከጉርምስናው ጀምሮ በግራ ትከሻው ስለሚያነግት ትከሻው ወርዶ እዚያው ቀርቷል፤ ከሩቅ ሲመጣ መልኩ ሳይለይ በትከሻው ይታወቃል። አንድ ቀን ጠዋት ሌላ ከተማ ሠርግ ሊያነሳ ወጣና በዚያው ቀረ። የተሳፈረበት መኪና በሰላም ገብቷል። ሠርገኞቹ ግን «እኛ ጋ አልደረሰም» አሉ። ሆስፒታል ታሰሰ፣ ፖሊስ ጣቢያ ተኬደ፣ መልስ የለም። የከተማው ሰው ሁሉ ፊት ተሰቅሎ በሚታይበት ቤት የእሱ የራሱ ፎቶ ታጣ፤ ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ ስለነበር ማንም አንስቶት አያውቅም።

አክስቴ ቤት የቀረውን ካሜራ አነሳችና ሥራውን ቀጠለች። ምን ታድርግ? አብራት የምትኖር አማት አለች፣ እኔም አለሁ። አንድ ቀን ፊልም እየሰቀልን ሳለ ከመሬት ተነስታ «ለአገሩ ሁሉ አትንቀሳቀሱ እላለሁ» አለችኝ፤ «ለእሱ ግን ያን ቀን ጠዋት ያልኩት 'ቶሎ በል፣ መኪናው ያመልጥሃል' ነው።»

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ጠዋት ስታወራ አልሰማኋትም። ከልብሱ ግን አንዱንም ለሰው አልሰጠችም። ልቅሶ አልተቀመጠችም፣ ጥቁርም አልለበሰችም። «ባሌ በሕይወት አለ» ትላለች፣ አለቀ። እኔ ነገር ማድበስበስ አልወድምና አንዴ ተናድጄ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» ብያታለሁ። ሳምንት አላናገረችኝም።

አሁን ክፍሉን ልንገራችሁ። ረጅምና ጠባብ ነው። በመንገዱ በኩል ትልቅ መስኮት አለ፤ ካሜራው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ሆኖ እዚያው መስኮቱ ሥር ይቆማል። መሐል ላይ የደንበኛ ወንበር አለ። ከወንበሩ ኋላ፣ ክፍሉ ጫፍ ላይ፣ ወደ ጨለማ ክፍሉ መተላለፊያ የሚያስወጣ በር አለ። በሩ መዝጊያ የለውም፤ ኬሚካል ይዘን ስንመላለስ እያስቸገረን ነቅለነዋል።

አክስቴ ስታነሳ የሌንሱን ቀዳዳ ወለል አድርጋ ትከፍታለች። ቀዳዳው ሲሰፋ ብርሃን እንደ ልብ ይገባና ፎቶው በቅጽበት ያልቃል። ነገር ግን ጥርት ብሎ የሚወጣው አንድ ስስ ቦታ ብቻ ነው፤ የሰውየው ዓይን ከጠራ ጆሮው መደብዘዝ ይጀምራል፣ ኋላው ያለው ግድግዳና በር ደግሞ ውሃ የገባበት ቀለም ይመስላል። ቀዳዳውን ሲያጠቡት ግን ከወንበሩ እስከ በሩ ሁሉም ቁልጭ ይላል። ዋጋው ትዕግሥት ነው፤ ቤት ውስጥ ብርሃን በጠበበው ቀዳዳ እንደ ክር ቀጥኖ ስለሚገባ ተቀማጩ ረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት። የተነቃነቀው ይጠፋል። ባሏ በሁለቱም መንገድ ይሠራ ነበር። እሷ ግን ሁልጊዜ ወለል ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ሰው የሚመጣው ፊቱን ሊያይ ነው እንጂ ግድግዳዬን ሊያይ ነው እንዴ?» አለችኝ። አመንኳት።

አዲስ ፊልም በገባ ቁጥር የምንሞክርበት ሰው እማማ ናት፣ አማቷ። አሮጊቷ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ትወዳለች። ራሷ በዕድሜ ብዛት ሳያቋርጥ ይንቀጠቀጣል፤ ቢሆንም በወለሉ ቀዳዳ አንዴ ቀጭ ሲል ያልቃልና ምንም አይታወቅባትም። ከእነዚያ የሙከራ ፎቶዎች አንዱን እያጠብኩ ሳለሁ ነው በሩ ላይ ያለውን ያየሁት። ወረቀቱ ኬሚካሉ ውስጥ ቀስ እያለ ሲጠቁር መጀመሪያ የእማማ ዓይኖች መጡ፣ ከዚያ ሻሿ፣ ከዚያ ከኋላዋ በሩ መሐል የቆመ አንድ ረጅም ጥላ። ብዥ ያለ ነው። ፊት የለውም። አንዱ ትከሻው ግን ወርዷል።

እጄን ኬሚካሉ ውስጥ እንደነከርኩ ቀረሁ። ይዤላት ሄድኩ። አየችው፤ አልደነገጠችም፤ ያስደነገጠኝም ይህ ነው። መሳቢያ ከፈተችና ራሷ ደብቃ ያጠበቻቸውን ሌሎች አወጣች፤ ሁሉም የእማማ ናቸው፤ ሁሉም ላይ በሩ መሐል ያ ብዥታ አለ። ሌንስ ለውጣለች፣ ካሜራ ተውሳ ሞክራለች፣ መተላለፊያው ውስጥ የተሰቀለ ካፖርት ነው ብላ ካፖርቱን አንስታለች። ያው ነው።

«ነይ» አለችኝ፣ ብርሃን መለኪያውን አንገቴ ላይ አንጠልጥላልኝ። መዳፍ የምታህል ነገር ናት፤ ብርሃን ሲያገኛት መርፌዋ ትነሳለች፣ ጥላ ሲያገኛት ትወድቃለች። ባትሪ እንኳ የላትም፤ ልትዋሽ አትችልም። «አንቺ ቁመትሽ የእሱ ነው። በፊትሽ ልክ ያዣትና ወደ መስኮቱ አዙረሽ ወደ ኋላ ሂጂ።»

ሄድኩ። መስኮቱ ጋ መርፌዋ ከፍ አለች፤ ወንበሩ ጋ ዝቅ አለች፤ ከመስኮት ሲርቁ ይህ ያለ ነው። በሩ መሐል ስደርስ ግን ሰው ፊቴ እንደተገተረ ሁሉ ዱብ አለች። ፊቴ ማንም የለም። መስኮቱ ወለል ብሎ ይታየኛል፣ አክስቴም ትታየኛለች። አንድ እርምጃ አልፌ መተላለፊያው ውስጥ፣ ይበልጥ ጨለማ መሆን ያለበት ቦታ ስገባ መርፌዋ መልሳ ተነሳች። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ያን በር በአንድ ዝላይ አለፍኩት።

«እሱ ነው» አለችኝ አክስቴ። «ብዥ እስካለ ድረስ እሱም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። የሞተም ሊሆን ይችላል፣ ያልሞተም። ቀዳዳውን ካጠበብኩት ግን አውቃለሁ።»

ቀዳዳውን ወለል አድርጋ የኖረችው ለዚህ ነበር። ማወቅ ፈርታ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አፋችንን ያዝን። እኔ አልነገርኩም፣ እሷም አልነገረች፤ መሳቢያው ግን ክፍት ቀርቶ ነበርና እማማ አገኘችው። ስንገባ ፎቶዎቹን ጭኗ ላይ ደርድራ፣ ራሷ እየተንቀጠቀጠ፣ ጣቷን በዚያ ትከሻ ላይ ስታመላልስ ደረስንባት።

«ይኼ ልጄ ነው» አለች።

«አይታወቅም እማማ» አለች አክስቴ።

«እኔ ነኝ የወለድኩት፤ ይታወቀኛል። ፊቱን አውጪልኝ።»

«ብርሃን አይበቃም እማማ። ቀዳዳውን ሳጠብበው ረጅም ጊዜ ይፈልጋል።»

«ልጄን የጠበቅኩት ስንት ዘመን ነው? ለእሱ ያንሰኛል?»

«ራስዎ ይንቀጠቀጣል። ፎቶው ይበላሻል።»

«የእኔ ይበላሽ! የእኔን መልክ ማን ፈለገው?» ፎቶዎቹን ጭኗ ላይ መታች። «ስሚ ልጄ፤ ቁርጥ ያጠግባል። ሞቶ ከሆነ አልቅሼ እርሜን ላውጣ። እርሜን ሳላወጣ ብሞት ወዲያ ማዶ ስንገናኝ ምን እለዋለሁ? መሞትህን ሳላጣራ መጣሁ ልበለው?»

አክስቴ ፎቶዎቹን ሰብስባ መሳቢያው ውስጥ መለሰች።  ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ አንዷ ካላወቀች ማልቀስ አትችልም፣ ሌላዋ ካወቀች መጠበቅ አትችልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ የሚወራው ስለ ጨውና ስለ ሳሙና ብቻ ሆነ። እማማ ምግብ መቀነስ ጀመረች። ሐኪም መጣ፤ ልቧ ደክሟል አለ። አክስቴ ሐኪሙን ሸኝታ ስትመለስ ካሜራው ጋ ሄደችና ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው አጠበበችው።

ያደረግነው ከቀትር በኋላ ነው፣ ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ ስታርፍ። እማማን ወንበሩ ላይ አስቀመጥናት፤ ጥሩ ልብሷን ለብሳለች። እኔ ብርሃኑን በወንበሩም በበሩም ለካሁ፤ በሩ ጋ ስደርስ መርፌዋ እንደ ልማዷ ዱብ አለች። አክስቴ ጥራቱን እማማ ላይ ሳይሆን ከእሷ ትንሽ ኋላ አደረገችው። «ጥራት ሲሶው ወደ ፊት ነው፣ ሁለት እጁ ወደ ኋላ» እያለች ታጉረመርማለች፤ ባሏ ያስተማራት ነው። ከዚያ ሲጫኑት ፎቶ የሚያነሳውን የካሜራውን ገመድ ያዘች።

«አትንቀሳቀሱ» አለች። ድምጿ ወደ እማማ ብቻ አልነበረም።

የካሜራው መዝጊያ ተከፍቶ ቆየ። ከመንገድ የልጆች ጩኸት ይሰማል። እማማ ወንበሩን በሁለት እጇ ጨምድዳ ራሷን ልታስቆመው ትታገላለች፣ ራሷ ግን አልታዘዝ አለ። እኔ ወደ በሩ ላለማየት መስኮቱን አያለሁ። ከበሩ በኩል አንድም ኮሽታ የለም፤ ግን ሰው እስትንፋሱን ውጦ ሲቆም ቤት እንዴት ዝም እንደሚል ታውቁታላችሁ፤ እንደዚያ ነበር። ቀጭ አለ፣ ተዘጋ።

ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ አክስቴ ትከሻዬን ይዛ። በሩ ወጣ፤ ጉበኑ ላይ ያለው ስንጥቅ፣ የነቀልነው መዝጊያ ሚስማሮች፣ የተላጠው ቀለም፣ ሁሉም ቁልጭ ብሏል። እማማ ራስ የላትም፤ ሻሿ ጭስ መስሎ ተበትኗል። ከኋላዋ ግን እሱ ቆሟል። የዓይኑ ሽፋሽፍት ሳይቀር ይቆጠራል። እሱ ራሱ ነው። ግን አርጅቷል። ፀጉሩ ነጭ ነው፣ ጉንጩ ገብቷል። በእጅ የተሠራ ሹራብ ለብሷል፤ ክርኑ ላይ ተቀዶ በሌላ ክር ተጠግኗል። የሚያየው ካሜራውን አይደለም፤ የእናቱን ማጅራት ነው።

አክስቴ ጣቷን ሹራቡ ላይ አደረገች። «ማን ነው የሠራለት?» አለች። በእኛ ቤት ኪሮሽ የምትይዝ ሴት የለችም።

እማማ ፎቶውን መስኮቱ ጋ ወስዳ አየችና እልል አለች። በዚያ በደከመ ልቧ! «አርጅቷል! አየሽ? ልጄ አርጅቷል! ሙት አያረጅም፤ ልጄ በሕይወት አለ!»

አክስቴ ግን ፊቷ አመድ መስሏል። «ነፍስ ያለው ሰው ይህን ያህል ጊዜ ሽፋሽፍቱ እንኳ ሳይርገበገብ አይቆምም» አለች። «ስንት ሺህ ሰው አንስቻለሁ፤ አይቆምም። ሞቷል።»

እንዲህ ሆኖ አረፈው። ልቅሶ ልቀመጥ ስትል የኖረችው አሮጊት ልጄ አለ አለች፤ ባሌ አለ ስትል የኖረችው ሚስት ሞቷል አለች። ለምን እንደሆነ ማንም ያውቀዋል። ያ ሹራብ ነው። በሌላ ሴት እጅ ከተጠገነ ባል የሞተ ባል ይሻላታል። በማግሥቱ ጥቁር ለበሰች። እማማ «ልጄ በሕይወት እያለ አታሟርቺበት!» ብላ ጮኸችባት፤ እሷ ግን ያን ሁሉ ዓመት የታመቀ እንባ መተላለፊያው ውስጥ ቁጭ ብላ አፈሰሰችው። አልቅሼ አላውቅም ባይ ነኝ፤ ያን ቀን አለቀስኩ።

እማማ ብዙ አልቆየችም። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ እየሳቀች አረፈች። ከቀብር በኋላ አክስቴ ብርሃን መለኪያዋን ሰጠችኝና ወደ በሩ ላከችኝ። መርፌዋ አልወደቀችም። መስኮቱ ጋ ከፍ፣ ወንበሩ ጋ ዝቅ፣ በሩ ጋ ይበልጥ ዝቅ፣ እንደማንኛውም ቤት። በጠባቡ ቀዳዳ ባዶውን ወንበር አነሳችው። በሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ማንም አልነበረበትም።

«ለእናቱ ነበር የሚመጣው» አለች። «እኔ ካሜራውን ይዤ ፊት ለፊቱ ስቆም እኔን የሚያይ መስሎኝ። አንድ ቀን እንኳ እኔን አላየም።»

ይህን ስትል የጠላሁትን ያህል ያን ሰው ጠልቼው አላውቅም። ባገኘው ኖሮ ሹራቡን እተረትርለት ነበር።

ከዚያ በኋላ እትዬ አትንቀሳቀሱ መቀለድ ተወች። ደንበኛ መንገድ ላይ እጁን ሰቅሎ ሲደርቅላት ሳታየው ታልፋለች። ሰው ሲቀመጥላት ከሰውየው ይልቅ በሩን ታያለች። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት፣ ሥራ በሌለበት፣ ጥቁሩን አውልቃ፣ ለሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ መጣችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የካሜራውን ገመድ በእጇ ይዛለች።

«ስልክ እንጨት፣ በሩ ጋ ሄደሽ ለኪልኝ» አለችኝ። ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታለች።  «ለእኔም ይመጣ እንደሆነ ልየው።»

ሄድኩ። መለኪያዋን በፊቴ ልክ ያዝኳት። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም።

«እህስ?» አለችኝ።

እኔ ነገር ማድበስበስ አልወድም ብያችኋለሁ። «ወደቀች» አልኳት። «ዱብ አለች።»

ገመዱን በጣቷ ጠመጠመችው። ተነስታ ቀዳዳውን የምታጠብበው መስሎኝ ነበር። አላጠበበችውም። «ቀዳዳው ወለል እንዳለ ነው» አለች። «ወለል እንዳለ ይሁን። ቁልጭ ብሎ አይውጣ። በቃኝ።» ከዚያ ፀጉሯን አስተካክላ፣ ቀና ብላ «አትንቀሳቀስ» አለች፣ በነጠላ፣ ለባሏ።

ከበሩ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ቁመቴ የእሱ ነው፤ በዚያ ብዥታ ውስጥ ማን ይለየናል ብዬ መለኪያዋን ከኋላዬ ደብቄ ትከሻዬን ጣል አደረግኩ፤ እስትንፋሴንም ዋጥኩ። ቀጭ አለ።

ፎቶው አሁንም ከደንበኛ መቀበያው ጠረጴዛ በላይ ተሰቅሏል። እሷ ጥርት ብላ፣ እየሳቀች፣ ከኋላዋ በሩ መሐል ያ ረጅም ብዥታ። መቀለድ ጀምራለች፤ ደንበኛው ሲጠይቃት «ባሌ ነው፣ ልቀቀኝ ብለው እንቢ አለ» ትላለች። እኔ ግን ያጠብኩት ዕለት ያየሁትን ለማንም አልተነፈስኩም። ያን ቅጽበት ዓይኔ ላይ የነበረው የፎቶው ትከሻ ነው፤ ፎቶ ላይ ደግሞ ፊት ለፊት ለሚያየው የወረደው በቀኝ በኩል ያለው ነው። ስለዚህ በችኮላ ተሳስቼ የጣልኩት የራሴን ቀኝ ትከሻ ነበር። ወረቀቱ ላይ የወጣው ሰው ግን የወረደው ግራው ነው። ፊልሙ ተገልብጦ ይሆናል ብዬ መልሼ አየሁት፤ የአክስቴ ቀለበትም፣ ገመዱን የያዘችበት እጅም በቦታቸው ናቸው። በዚያ ፎቶ ላይ እኔ የለሁም።